ስለ ቻይናውያን ባለ አራት ቃል ምሳሌዎች አጠናን

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣንበት ነገር የቻይናን ቋንቋ የሚማሩ ተማሪዎች፤ እኛም ከነሱ ጋር፤ የዚያን አገር ምሳሌዎች የምናጠናበት መንገድ ነው። መንገዱ ለተማሪ ሁሉ የታወቀ ነው። አንድ ወረቀት በሁለት ዐምድ ይከፈላል፤ በግራው ዐምድ ምሳሌው ቃል በቃል ተተርጕሞ ይጻፋል፤ በቀኙ ዐምድ ምሥጢሩ፤ ይኸውም ምሳሌው የሚጠቀስበት ቁም ነገር፤ በአንድ መሥመር ይቀመጣል። በግራው «ለእባብ እግር መጨመር» ይላል፤ በቀኙ «ከሚያስፈልገው በላይ ሠርቶ ሥራን ማበላሸት» ይላል። ተማሪው አንድ ጊዜ ግራውን፤ አንድ ጊዜ ቀኙን በእጁ እየሸፈነ ሲያነበንብ ያመሻል። ይህ መንገድ በፈተና ጊዜ ጥሩ ማርክ እንደሚያስገኝ አንክድም፤ እኛም አግኝተንበታል። ነገር ግን ምሳሌውን ያስተምራል ወይ? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰን የገዛ ራሳችን ስሕተት ስለ ሆነ ባንሸሽገው ይሻላል። ባለፈው የትምህርት ዘመን መጨረሻ ላይ፤ ቋንቋውን ላስተማሩን ቻይናዊ መምህር በቋንቋቸው የምስጋና ደብዳቤ ስንጽፍ ትሕትናችንን ለመግለጽ ብለን «ለላም ሙዚቃ መምታት» የሚለውን ምሳሌ አገባንበት። በወረቀታችን የቀኝ ዐምድ «ለማይገባው ሰው በከንቱ መድከም» የሚል ፍች ነበረው። እንግዲህ ሐሳባችን፤ ላሞቹ እኛ፤ ሙዚቀኛው እርስዎ ለማለት ነበር። ባገራችን ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ መምህሩን ቢያከብር ያስመሰግነዋል እንጂ አያስወቅሰውም፤ ቻይናውያንም በዚህ ነገር ከኛ አይርቁም ብለን ነበር። መምህሩ ደብዳቤውን አንብበው ሳቁ። ቀጥለውም፤ «እንግዲያስ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንደ ትንኝ ጢዝ ማለት ነበረብኝ» አሉን። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ከመካከላችን የገባው አንድ ሰው አልነበረም።

ነገሩን በኋላ ፈልገን አገኘነው። ምሳሌው የመጣው በሃን መንግሥት መጨረሻ ገደማ እንደ ተጻፈ ከሚነገርለት፤ ሞውዙ ከሚባል ሰው መጽሐፍ ነው። ሞውዙ የቡድሃን ሃይማኖት ለኮንፉሽየስ ተከታዮች የሚያስረዳ ሰው ነበር። «ስለ ቡድሃ ስትጠየቅ ከቡድሃ መጻሕፍት በመጥቀስ ፈንታ ከኛ መጻሕፍት እየጠቀስህ የምትመልሰው ለምንድን ነው?» ቢሉት፤ ጎንግሚንግ ዪ ስለሚባል ሙዚቀኛ ተረተላቸው። ይህ ሙዚቀኛ ቺን በሚባለው ባለ ሰባት አውታር መሣሪያ ለላም እጅግ የረቀቀ ዜማ ደረደረላት፤ ላሟ ሣሯን መጋጧን አልተወችም። መስማትስ ሰምታ ነበር፤ ዜማው ግን ለጆሮዋ የሚስማማ አልሆነም። ወዲያው ሙዚቀኛው የትንኝ ድምፅና እናቱን ያጣ ጥጃ ጩኸት አስመስሎ ቢመታ፤ ላሟ ጅራቷን አወዛወዘች፤ ጆሮዋን አቀናች፤ ወዲያና ወዲህ እየተራመደች አዳመጠች። (በነገራችን ላይ፤ ቻይንኛው ላምና በሬን በአንድ ቃል ስለሚጠራ «ላም» ያልነው እኛ ነን። መሣሪያውን «በገና» ብለው የሚተረጕሙም አሉ፤ ነገር ግን በገና ዐሥር አውታር ያለው ሌላ መሣሪያ ስለ ሆነ እኛ አልወደድነውም።)

አንባቢ እንደሚያስተውለው፤ በተረቱ ውስጥ የላሟ ጥፋት የለም። ተረቱ የተነገረው ለአስተማሪ ነው፤ ሰው በሚሰማበት ጆሮ ልክ ካልተናገርህ የደከምኸው በራስህ ስንፍና ነው የሚል ነው። ዛሬ ግን ምሳሌው በቻይናውያን አፍ ሲነገር ስድቡ የሚያርፈው በላሟ ላይ ነው። ማኦ ጼቱንግ በየካቲት ወር 1942 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) ስለ ድርጅታቸው ጸሐፊዎች ደረቅ አጻጻፍ ባደረጉት ንግግር ይህንኑ ምሳሌ አንሥተው፤ አድማጩን የምናከብር ከሆነ በምሳሌው ውስጥ የሚቀረው ስድብ ለሙዚቀኛው ነው የሚል አስተያየት ሰጥተዋል። ሰውየውን በሌላው ሥራቸው ማንም እንደ ፈለገ ይፍረዳቸው፤ በዚህ ነገር ግን ከብዙ መዝገበ ቃላት ይልቅ ወደ ጥንቱ ተረት ቀርበዋል። እንግዲህ እኛ መምህራችንን ያከበርን መስሎን፤ ተረቱን ለሚያውቅ ሰው «ማስተማር አላወቁበትም» ብለን ጽፈንላቸው ኖሯል። የቀኙ ዐምድ ሐሰት አልነገረንም፤ ማን ለማን እንደ ተናገረው ግን አልነገረንም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቻይናውያን ቸንግዩ የሚሏቸው ምሳሌዎች አብዛኛዎቹ በአራት ፊደል፤ ይኸውም በአራት ቃል የተሠሩ ናቸው። ቋንቋቸው የዛሬው የገበያ ቋንቋ ሳይሆን የጥንቱ የመጻሕፍት ቋንቋ ነው። ከነዚሁ ብዙዎቹ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይደሉም፤ የአንድ ተረት ወይም የአንድ ታሪክ ርእስ ናቸው ቢባል ይቀላል። «ጕቶ ጠብቆ ጥንቸል መጠበቅ» ሲባል፤ ታሪኩን ያልሰማ ሰው ጥንቸልና ጕቶ ምን አገናኛቸው ብሎ ይቀራል።

እኛ በመጀመሪያ ነገሩን ባገራችን ሰምና ወርቅ መስለነው ነበር። ቃል በቃል ያለው ሰም፤ ምሥጢሩ ወርቅ ነው እያልን ወረቀታችንን ራሱ «ሰም» እና «ወርቅ» የሚል ርእስ ሰጥተነው ነበር። አሁን ግን ይህ አመሳስሎ ስሕተት እንደ ነበረ ይታየናል። በቅኔ ሰሙም ወርቁም በቃሉ ውስጥ ናቸው፤ ኅብሩን የፈታ ሰው ከቃሉ ሳይወጣ ወርቁን ያገኛል። በቸንግዩ ግን ወርቁ ከቃሉ ውጭ፤ በሌላ መጽሐፍ፤ በሌላ ሰው ንግግር ውስጥ ተቀብሯል። አራቱን ቃል ሌሊቱን ሙሉ ብንጨምቃቸው አይወጣም። ከዚህ ይልቅ የአንድምታ መምህር ንባቡን ካነበበ በኋላ «ታሪክ» ብሎ የሚጀምረውን ትረካ ቢመስሉት ወደ እውነቱ ይጠጋል።

ሰምና ወርቅን በእውነት የሚመስለው ሌላ ዐይነት ምሳሌ ነው፤ ስሙን ሽየሆውዩ ይሉታል። ይህኛው የሕዝብ አነጋገር ሲሆን ሁለት ክፍል አለው። ተናጋሪው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ተናግሮ ዝም ሊል ይችላል፤ ሁለተኛውን አድማጩ በልቡ ይሞላዋል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለተኛው ክፍል ኅብር አለበት። «ኮንፉሽየስ ቤት ሲለውጥ» ቢሉ ቀሪው «ጓዙ ሁሉ መጽሐፍ ነው» የሚል ነው፤ መጽሐፍ የሚለው «ሹ» መሸነፍ ማለትም ስለሚሆን፤ ቁማር የተበላ ወይም በጨዋታ በተደጋጋሚ የተረታ ሰው ይቀለድበታል። «የእኅት ልጅ ፋኖስ ቢይዝ» ቢሉ ደግሞ «ለአጎቱ ያበራል» ነው፤ አጎትና አሮጌ በድምፅ አንድ ስለ ሆኑ፤ ነገሩ እንደ ዱሮው ነው፤ ምንም አልተለወጠም ማለት ይሆናል። የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ቢሰማ ወዲያው እንደሚስቅ አንጠራጠርም።

ይህን ኅብር ያልፈታ ሰው ምን ያህል እንደሚሳሳት የታወቀ ማስረጃ አለ። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድጋር ስኖው በታኅሣሥ ወር 1970 ከማኦ ጋር ሲነጋገር፤ ማኦ ራሳቸውን «ጃንጥላ የያዘ መነኵሴ» ብለው ገለጡ። በቻይና የቡድሃ መነኵሴ ራሱን የተላጨ ነው፤ ስለዚህ ጠጕር የለውም፤ ጃንጥላ ስለ ዘረጋም ሰማይ አይታየውም። ጠጕርና ሕግ በቻይንኛ ሁለቱም «ፋ» ይባላሉ፤ የሚለያዩት በድምፅ አወጣጥ ብቻ ነው። እንግዲህ ወርቁ «ሕግም ሰማይም የለብኝ» የሚል፤ የማይፈራ ሰው ፉከራ ነበረ። ስኖው ግን በ1971 ላይፍ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፤ ማኦ ቀዳዳ ጃንጥላ ይዞ በዓለም ላይ ብቻውን የሚንከራተት መነኵሴ መሆናቸውን ነገሩኝ ብሎ ጻፈ። ፉከራው ኀዘን ሆኖ ታተመ፤ ብዙ አንባቢም አንድ ብቸኛ ፈላስፋ በዐይኑ ሣለ። ቀዳዳውን ከየት እንዳመጣው ነው የሚያስገርመን! ሰሙ ባዶ ሲሆንበት ሰው ከራሱ ወርቅ ይጨምርበታል።

ወደ ቸንግዩ እንመለስ። የቀኙ ዐምድ ሌላው ጕድለት፤ ምሥጢሩ ጥንትም ዛሬም አንድ እንደ ሆነ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ከላይ የጠቀስነውን የጕቶ ምሳሌ እንውሰድ። በሶንግ አገር አንድ ገበሬ በማሳው ውስጥ ጕቶ ነበረው፤ አንዲት ጥንቸል ስትሮጥ መጥታ ከጕቶው ጋር ተላትማ አንገቷ ተሰብሮ ሞተች። ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ ሌላ ጥንቸል ለማግኘት ጕቶውን መጠበቅ ጀመረ፤ ሌላ ጥንቸል አልመጣም፤ እሱም የአገር መሣቂያ ሆነ። ዛሬ ይህ ምሳሌ የሚጠቀሰው ሳይሠራ ዕድሉን ለሚጠብቅ ሰነፍ ነው። ተረቱን የጻፈው ሃን ፌይ ግን (የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ233 ዓመት ነው) ስለ ስንፍና ግድ አልነበረውም። ዐላማው በጥንት ነገሥታት ሥርዐት የዛሬን ሕዝብ እንግዛ የሚሉትን ሊቃውንት ለመምታት ነበር፤ ጥንቸሏ አንድ ጊዜ የተሳካው የጥንቱ ሥርዐት፤ ጕቶ ጠባቂዎቹም እነዚያ ሊቃውንት ናቸው። እንዲህ ያለ ስለ መንግሥት አስተዳደር የተነሣ ከባድ ክርክር ዛሬ ሕፃናትን ለሥራ ማትጊያ ሆኖ ቀርቷል።

«ጧት ሦስት፤ ማታ አራት» የሚለውም እንደዚሁ ነው። በጅዋንግዙ መጽሐፍ ጦጣ አርቢው ለጦጦቹ ጧት ሦስት ማታ አራት ፍሬ ልስጣችሁ ቢላቸው ተቈጡ፤ እንግዲያው ጧት አራት ማታ ሦስት ቢላቸው ደስ አላቸው። ድምሩ ሰባት ነው፤ የተለወጠ ነገር የለም። ፈላስፋው በዚህ ያሾፈው አንድ የሆነውን ነገር ሁለት አድርገው በሚጣሉት ላይ ነበር። ዛሬ በቻይና «ጧት ሦስት ማታ አራት» የሚባለው ሐሳቡ የማይረጋ፤ በተለይም በፍቅር የሚዋልል ሰው ነው። ከጦጦቹ ቍጣም ከፍሬውም ድምር የቀረ ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ የትምህርት ጓደኛችን ያነሣብንን ተቃውሞ በቅንነት ማስገባት አለብን። እሱ የሚለው እንዲህ ነው፤ ዛሬ ያለ ቻይናዊ ምሳሌውን በዛሬው ትርጓሜ ከተናገረው፤ እኛ የሃን ፌይን ሐሳብ ማወቃችን ምን ይጠቅመናል? እንዲያውም በጥንቱ ትርጓሜ ብንናገረው የሚሰማን አናገኝም። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው። ቃል የተናጋሪዎቹ ነው፤ ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ጅዋንግዙን አንብብ ተብሎ አይገደድም። ስለዚህ የቀኙ ዐምድ ይሰረዝ አንልም። ነገር ግን የዛሬው ትርጓሜ ራሱ በአንድ መሥመር ፍች አይያዝም፤ ከፍቹ ጋር የሚሄድ ማመስገን ወይም መንቀፍ አለ፤ ይህም የሚታወቀው ምሳሌው ከመጣበት ቦታ ነው። ይህን የሚስተው የውጭ አገር ተማሪ ብቻ አይደለም። በግንቦት ወር 2006 የታይዋን ፕሬዚዳንት የነበሩት ቸን ሽዊብየን በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ሰዎችን ሲያመሰግኑ «ቀርከሃው ሁሉ ቢያልቅ ተጽፎ አይዘለቅም» የሚለውን ምሳሌ ተጠቀሙ። መጻሕፍት በቀርከሃ ቍራጭ ላይ በሚጻፉበት ዘመን የተፈጠረ አነጋገር ነው፤ ፍቹን በአንድ መሥመር እናስቀምጠው ብንል «እጅግ ብዙ፤ ተዘርዝሮ የማያልቅ» ይሆናል፤ ለምስጋናም የሚስማማ ይመስላል። ነገር ግን በሱዊ መንግሥት መጨረሻ ዐመፀኞች በንጉሥ ያንግ ላይ ባወጡት አዋጅ፤ የንጉሡን ኀጢአት ለመቍጠር የደቡብ ተራራ ቀርከሃ አይበቃም ተብሎ ስለ ታወጀ፤ ምሳሌው እስከ ዛሬ የወንጀል ሽታ አለው። በዚህ ምክንያት አገሩ ሁሉ ሲከራከር ሰነበተ፤ የትምህርት ሚኒስትሩም ፕሬዚዳንቱን ደግፈው ተናገሩ። አንድ የአገሩ መሪ በገዛ ቋንቋው ከወደቀበት ጕድጓድ እኛ በወረቀት ዐምድ እንዴት እናመልጣለን?

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የእባቡ ተረት ነው። በወረቀታችን «ከሚያስፈልገው በላይ መሥራት» ተብሎ ያለፈው ይህ ምሳሌ አንድ መንግሥት ከጦርነት የዳነበት ንግግር ነው። የቹ ጦር አዛዥ ጃዎ ያንግ የዌይን ጦር ድል አድርጎ ስምንት ከተማ ከያዘ በኋላ ፊቱን ወደ ቺ መንግሥት አዞረ። ቸን ጀን የሚባል ሰው ስለ ቺ ሆኖ ወደ አዛዡ መጣና በመጀመሪያ ስለ ድሉ እጅ ነሣው። ቀጥሎ በቹ አገር የጠላትን ጦር ድል ያደረገ ምን ሹመት ያገኛል ብሎ ጠየቀው፤ አዛዡም ነገረው። ከዚያ በላይስ ምን አለ? አንድ ብቻ፤ ዋናው ሚኒስትር። ያ ደግሞ ተይዟል፤ ንጉሡ ሁለት ዋና ሚኒስትር አይሾምም። ተረቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሎሌዎች አንድ ጽዋ ወይን ቢሰጣቸው ለሁሉ አይበቃም፤ ለአንዱ ግን ይተርፋል ብለው፤ በመሬት ላይ እባብ ቀድሞ የሣለ ይጠጣ ብለው ተወራረዱ። አንዱ ቀድሞ ጨረሰ፤ ጽዋውን በግራ እጁ ይዞ «እግርም ልጨምርለት እችላለሁ» እያለ በቀኙ መሣሉን ቀጠለ። እግሩን ሳይጨርስ ሌላው እባቡን ጨርሶ፤ «እባብ እግር የለውም» ብሎ ጽዋውን ነጠቀውና ጠጣው። ጃዎ ያንግ ይህን ሰምቶ ጦሩን መለሰ።

ልብ ማለት የሚገባን፤ ቸን ጀን ለአዛዡ አዝኖለት አልተናገረም፤ የተናገረው የቺን ከተሞች ለማዳን ነው። ተረቱ ምክር መስሎ የመጣ የመልእክተኛ መሣሪያ ነው። በዚያ የጦርነት ዘመን ከተነገሩት ተረቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ በንጉሥ ወይም በጦር አዛዥ ፊት፤ በቀጥታ ቢናገሩት አንገት የሚያስቈርጠውን ነገር በተረት ያቀርቡታል። ነብሩን ከኋላዋ አስከትላ አራዊትን ያስፈራራችው ቀበሮ ተረትም ለቹ ንጉሥ የተነገረው፤ ሰዎች የሚፈሩት አዛዥህን ሳይሆን ከኋላው ያለውን ያንተን ጦር ነው ለማለት ነበር።

ምሳሌ መሣሪያ ነው ካልን፤ መሣሪያውን የሚያነሣው እጅ እንደሚለዋወጥም ማየት ያስፈልጋል። በልየዙ መጽሐፍ ዕድሜው ወደ ዘጠና የቀረበ «ሞኙ ሽማግሌ» በቤቱ ፊት የቆሙትን ሁለት ተራሮች ከልጆቹ ጋር ሊንድ ተነሣ። ብልኅ ነኝ የሚል ሌላ ሽማግሌ ቢስቅበት፤ እኔ ብሞት ልጆቼና የልጅ ልጆቼ አያልቁም፤ ተራራው ግን አያድግም ብሎ መለሰለት። በመጨረሻ የሰማይ አምላክ በቅንነቱ ተነክቶ ተራሮቹን አስነሣለት። ማኦ በሰኔ ወር 1945 የድርጅታቸውን ጉባኤ ሲዘጉ ይህንኑ ተረት ተረቱ፤ ሁለቱን ተራሮች ኢምፔሪያሊዝምና ፊውዳሊዝም፤ አምላኩንም የቻይና ሕዝብ አደረጉት። በባህል አብዮት ዘመን ይህ ንግግር ሰው ሁሉ በቃሉ እንዲያጠናው ከተደረጉት ሦስት ጽሑፎች አንዱ ሆነ። የዚያን ዘመን ሰው «ሞኙ ሽማግሌ» ሲል ልየዙን ያስብ ነበር ወይስ ጉባኤውን? «ትዕግሥትና ትጋት» የሚለው የቀኝ ዐምዳችን ይህን ጥያቄ አያውቀውም።

በዚህ ምክንያት ምሳሌዎችን ሰብስቦ «የቻይና ሕዝብ ጠባይ ይህ ነው» የሚል መጽሐፍ ያጠራጥረናል። በ1888 የቻይናን ምሳሌዎች ሰብስቦ ያሳተመው አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ አርተር ስሚዝ በእርግጥ ምስጋና ይገባዋል፤ መጻሕፍት ብቻ ሳያይ ከገጠር ሰዎች አፍም ለቅሟልና። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን፤ መጽሐፈ ምሳሌን በቃላችን ስናጠና የእያንዳንዱን ቍጥር ምሥጢር በአንድ መሥመር መጻፍ ለምደን ነበር፤ በዚያ ልማድ ወደ ቻይና ስንሻገር ሰነፍና ትጉህን፤ ጠቢብና ሞኝን ብቻ ፈለግን፤ የፈለግነውንም አገኘን። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሌለ ምሳሌ መፍጠር ነው። በ1927 አንድ አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለ ሙያ፤ አንድ ሥዕል ዐሥር ሺሕ ቃል ያህላል የሚለውን ማስታወቂያ የቻይና ምሳሌ ነው ብሎ በቻይንኛ ፊደል አሳጅቦ አሳተመው። ታሪክ የማይጠየቅበት ምሳሌ ይህን ያህል ለሻጭ ይመቻል።

እንግዲህ እኛ ዐምዱን ለውጠነዋል። አሁን ደብተራችን ለአንድ ምሳሌ አንድ ገጽ ሙሉ ይሰጣል፤ ማን ተናገረው፤ ለማን፤ ምን ሊያገኝበት፤ ዛሬስ ሲነገር ማን ይሰደብበታል እያልን እንጽፋለን። በዚህ መንገድ ቀድሞ በአንድ ማታ ሠላሳ እናጠና የነበርን አሁን ሦስት ብቻ እናጠናለን፤ ለፈተናም መበደሉ አይቀርም፤ መምህራን ይህን እንዲያስቡልን እንለምናለን።

ለቻይናዊው መምህር ደግሞ ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፈንላቸዋል። የትኛውን ምሳሌ እናስገባ ብለን ሁለት ሰዓት ያህል ተከራከርን፤ አንዱ ያመጣውን ሌላው ታሪኩን እየመዘዘ ጣለው፤ በመጨረሻም «መምህር ሆይ፤ ስላስተማሩን እናመሰግናለን» ብለን ብቻ ላክነው።